የዱሩ ጎጆ ለማን ይጠቅማል?

በአሜሪካ አገር ኒው ሃምፕሺር በተባለው ግዛት ፒተርቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በከተማይቱ አጠገብ ባለው ዱር ውስጥ ደግሞ ማክዳውል በመባል የታወቀ የጥበብ ሰዎች ሰፈር ይገኛል፤ ይኸውም ደራሲዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎችና የዜማ ደራሲዎች ለጥቂት ሳምንታት እየገቡ፣ ማደሪያ፣ ምግብና የሥራ ጎጆ ያለ ዋጋ እየተሰጣቸው፣ የጀመሩትን ሥራ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ይህች ከተማና ይህ ሰፈር ስለ ግብር ተካሰው፣ ነገሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ በ2008 ተፈርዶአል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የግብር ሙግት በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ምን ቦታ አለው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ለዳኞቹ የቀረበላቸው ጥያቄ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለጥበብ በሚውለው ገንዘብ ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሹም፣ አንድ ቀን ሊመልሰው የሚገባ ነው። አንድ ደራሲ ከሰው ተለይቶ በዱር ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሌላው ሰው ምግቡን እየሠራለት እርሱ ሲጽፍ፣ ይህ ለሕዝብ የተደረገ በጎ ሥራ ነው ወይስ ለእርሱ ለብቻው የተደረገ ምቾት?

ከተማይቱ ያቀረበችው ክርክር የሚናቅ አልነበረም። በግዛቱ ሕግ አንድ ድርጅት በበጎ አድራጎት ስም ከግብር ነጻ እንዲሆን ለሕዝብ ጥቅም የሚሆን ሥራ የመሥራት ግዴታ ሊኖርበት፣ ጥቅሙም ለግዛቱ ነዋሪዎች ጭምር ሊደርስ ይገባል። የከተማይቱ ክርክር ፍሬ ነገርም፣ ወደ ሰፈሩ የሚገቡት ተመርጠው የተጠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የገቡትም ሰዎች ሥራቸውን ለሕዝብ እንዲያቀርቡ የሚያስገድዳቸው የለም፤ እንግዲህ ሕዝቡ ያገኘው ጥቅም የቱ ነው የሚል ነበር። ዳኞቹ ግን ጥበብን መደገፍ ራሱ የበጎ አድራጎት ሥራ መሆኑን ተቀብለው፣ ባለሙያው በቅርብ ቢጠቀምም ከሚወጣው ሥራ ሕዝቡም ተጠቃሚ ነው በማለት ለሰፈሩ ፈረዱ።

ፍርዱ ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ የእንደዚህ ያሉ ሰፈሮች ወዳጆች ስለ እነርሱ ሲናገሩ አዘውትረው የሚያቀርቡአቸውን ሁለት ምክንያቶች ስንመረምራቸው ሁለቱም ደካሞች ሆነው አግኝተናቸዋል። አንደኛው የዱሩ ውበት ነው። ሁለተኛው የታላላቅ ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት መኖሩን ለማሳየት አስቀድመን የሰፈሩን አመሠራረት በአጭሩ መናገር ይገባናል።

ኤድዋርድ ማክዳውል በ1860 በኒው ዮርክ ተወለዱ። በፓሪስና በጀርመን አገር ሙዚቃ ተምረው በዘመናቸው ከነበሩት የአሜሪካ የዜማ ደራሲዎች መካከል ከፍ ያለ ስም አገኙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሪያን በፍራንክፈርት ከተማ የፒያኖ ተማሪያቸው ነበሩ፤ በ1884 ተጋቡ። በ1896 ኤድዋርድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የሙዚቃ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት በፒተርቦሮ የእርሻ ቦታ ተገዛ። ከዚያ ወዲያ የትምህርቱን ወራት በከተማ እያስተማሩ፣ የዕረፍቱን ወራት በእርሻው ቤት እየደረሱ ይኖሩ ጀመር። ወይዘሮ ማሪያንም ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ ብላ ከዛፎቹ መካከል የተሸሸገች፣ ከግንድ የተሠራች አንዲት ጎጆ አሠሩላቸው። ኤድዋርድ በኋላ ከደረሱአቸው የፒያኖ ዜማዎች አንዱ ስሙን የወሰደው ከዚያች ጎጆ ነው።

የፕሮፌሰርነቱ ሥራ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጋር አሳባቸው ስላልተስማማ በ1904 ሥራቸውን ለቀቁ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ አእምሮአቸውን የሚያደክም ሕመም ያዛቸውና በጥር ወር 1908 በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። ለብቻቸው ያገኙትን የጎጆ ጸጥታ ሌሎች የጥበብ ሰዎችም እንዲያገኙት፣ ሠዓሊው ከገጣሚው፣ ገጣሚው ከዜማ ደራሲው ጋር ጎረቤት ሆኖ አንዱ ከሌላው እንዲማር የነበራቸው ምኞት መፈጸም የጀመረው ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው በ1907 ነበር።

እንግዲህ ምኞቱ የባልየው ነበር፤ ሰፈሩን ያቆሙት ግን ሚስቲቱ ናቸው። በበሩ ላይ የተጻፈው ስም የሁለቱም ስም ስለ ሆነ ብዙ ሰው ሲያነበው ኤድዋርድን ያስታውሳል። ማሪያን ግን ከባላቸው ሞት በኋላ ለብዙ ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በየሴቶች የሙዚቃ ማኅበር አዳራሽ እየተቀመጡ የባላቸውን ዜማዎች በፒያኖ እየተጫወቱ፣ ያገኙትን ገንዘብ ለዱሩ ጎጆዎች አዋሉት። ጣራ የሚያፈስሰው፣ መንገዱ የሚበላሸው፣ ወጥ ቤቱ ማገዶ የሚያልቅበት በእርሳቸው ላይ ነበር። በመስከረም 1938 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ በኒው ኢንግላንድ ላይ ወርዶ የሰፈሩን ዛፎች ሲጥል ማሪያን ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜ ለጥገናው የሚሆን ገንዘብ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በ1956 ሲሞቱ 98 ዓመታቸው ነበር። ራሳቸው ፒያኖ ተጫዋች ሆነው ሳለ የጥበባቸውን ዕድሜ ለሌሎች ሰዎች ጸጥታ ያጠፉት እኒህ ሴት፣ በእኛ አስተያየት ስለዚህ ሰፈር ከሚነገረው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰቡ የሚገባቸው ሰው ናቸው።

ዛሬ የሰፈሩ መሬት 450 ኤከር ያህል ነው፤ በአገራችን በድሮው ልክ ሲታሰብ አራት ጋሻ ተኩል ይጠጋል። በዚህ መሬት ላይ ከ30 የማያንሱ የሥራ ጎጆዎች አንዱ ሌላውን እንዳያየው ተራርቀው ተሠርተዋል። በዓመት 300 የሚያህሉ የጥበብ ሰዎች በተራ ይገቡበታል። ጠዋት ሁሉም በአንድ አዳራሽ ቁርስ ይበላሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ ጎጆው ይሄዳል። ሳይጠራ ወደ ሌላው ጎጆ የሚሄድ የለም። ምሳ በቅርጫት ተደርጎ በየጎጆው ደጃፍ ይቀመጣል፤ ቅርጫቱን የሚያመጣውም ሰው በሩን ሳያንኳኳ አስቀምጦ ይመለሳል። ማታ ለራት እንደ ገና ይሰበሰባሉ፤ የወደደ ሥራውን ያነብባል ወይም ያሳያል፤ ያልወደደ ዝም ይላል። ሊሄድ ሲነሣ ስንት ገጽ ጻፍህ ብሎ የሚመዝነው የለም።

ይህ የምሳ ቅርጫት ነገር በብዙዎች ዘንድ እንደ አንድ ማራኪ ልማድ ይነገራል። እኛ ግን ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ይኸው ነው እንላለን። ዛፍና ጸጥታ በየትም አገር ይገኛል፤ በገጠር የተወለድን ሰዎች ዛፍ ብቻውን ማንንም ደራሲ እንደማያደርግ እናውቃለን። ያልተቆረሰ ቀን ግን በየትም አይገኝም። የእኩለ ቀን ሰዓት ሲደርስ ሰው ለሆዱ መነሣት አለበት፤ ሲነሣ ሰው ያገኘዋል፤ ሰው ሲያገኘው ይጠይቀዋል፤ ሲመለስ የተወው አሳብ ቦታውን ለቆ ይቆየዋል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን የምንማረው ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ጥሩ ቃል ሊመጣ ሲል ስልክ ይጮኻል፣ ተላላኪ ፋይል ይዞ ይገባል፣ ባለጉዳይ በደጅ ይቆማል። ባለጉዳዩም አልበደለም፤ ደመወዛችን የሚከፈለን ለእርሱ ነውና። ግጥሙ ግን ሌሊት ይጠብቃል፤ ሌሊቱም ልጆች ከተኙ በኋላ የሚተርፍ ቁራሽ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚሻለው ምስክር ገጣሚው ኤድዊን አርሊንግተን ሮቢንሰን ነው፤ ታሪኩም ለመንግሥት ሠራተኛ አንባቢ ልዩ ጣዕም አለው። ሮቢንሰን ድህነት ላይ ሳለ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ግጥሞቹን ወድደው በ1905 በኒው ዮርክ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሥራ አሰጡት። ሥራው እጅግ ቀላል ነበር፤ የፕሬዚዳንቱም ፈቃድ ገጣሚው ከመንግሥቱ ግምጃ ቤት ይልቅ ግጥሙን እንዲያስቀድም ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ዕድል ለአንድ ገጣሚ ከየት ይመጣል? ደመወዝ አለው፤ ሰዓት አለው፤ አለቃም አይቆጣውም። ሆኖም እስከ 1909 በቈየባቸው በእነዚያ ዓመታት የጻፈው ግጥም ጥቂት ነው። በ1911 ወደ ፒተርቦሮ ሲሄድ እንዲህ ባለው የጥበብ ሰዎች መሰባሰብ ላይ ብዙ እምነት አልነበረውም ይባላል። ከዚያ በኋላ ግን እስከ 1934 ድረስ የሙቀቱ ወራት በመጣ ቍጥር ሳያቋርጥ ተመለሰ። በ1922፣ በ1925ና በ1928 ሦስት ጊዜ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው በዚህ ዘመን ውስጥ ነው።

ጎጆው ባይኖር ኖሮ ሮቢንሰን አይጽፍም ነበር ለማለት አንደፍርም። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ነገር ግን የጉምሩኩ ደመወዝና የዱሩ ጎጆ ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ የሚያስተውሉት ነገር አለ። በጉምሩክ የተሰጠው ገንዘብና ሥራ ፈትነት ነበር። በፒተርቦሮ የተሰጠው በሌላ ሰው ድካም የተጠበቀ ቀን ነው። ጥበብን ለመርዳት የሚያስቡ መንግሥታት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይሰጡና ሁለተኛውን ሰጠን ይላሉ፤ ለአንድ ደራሲ ሹመት ከሰጡት በኋላ ለምን መጻፍ እንዳቆመ ይደነቃሉ።

አሁን ስለ ታላላቆቹ ስም ዝርዝር እንናገር። ዜማ ደራሲው አሮን ኮፕላንድ «ቢሊ ዘ ኪድ» የተባለውን የባሌት ሙዚቃ በ1938 በዚህ ሰፈር ጨረሰ። ሊዮናርድ በርንስታይን በ1971 ለሕዝብ የቀረበውን «ማስ» የተባለ ሥራውን ከፊል እዚህ ደርሶአል። በኒው ዮርክ ሃርለም የተወለደው ጥቁር ደራሲ ጄምስ ቦልድዊን በ1954 መጥቶ ከዚያም ተመላልሶአል፤ ዛሬ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ይጠራል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ሰፈሩም ይኰራበታል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ማስረጃ የሚከራከር ሰው ራሱን ለጥቃት ያጋልጣል። የቶርንተን ዋይልደርን ነገር ብንመለከት ይበቃል። «የእኛ ከተማ» የተባለው ቴያትሩ በ1938 ፑሊትዘር ያገኘ ነው፤ በቴያትሩ ውስጥ ያለችው የኒው ሃምፕሺር ከተማም ፒተርቦሮን ትመስላለች ይባላል። ዋይልደር የቴያትሩን ከፊል የጻፈው በሰፈሩ ነው፤ ነገር ግን በዙሪክ አጠገብ ባለ አንድ የስዊስ ሆቴል ውስጥም ጽፎታል። ሆቴሉ ደግሞ ስለ ጥበብ ብሎ ከግብር ነጻ ልሁን አላለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ የሚያሰኝ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ከሰፈሩ ምን ተጠቀምሁ ብላ የተከራከረችው ከተማ የዕለት ኑሮዋ፣ ወተት አዳዩዋ፣ ሠርጓና ቀብሯ በመድረክ ላይ የታየላት ያችው ከተማ ናት። ይህን ስንናገር በፒተርቦሮ ሰዎች ላይ ለማላገጥ አይደለም። ለትምህርት ቤታቸውና ለመንገዳቸው ግብር የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው፤ አራት ጋሻ ተኩል መሬት ከግብር መዝገብ ሲወጣ ጉድለቱ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። ዝና እንጀራ ስለማይሆን ጥያቄአቸው ተገቢ ነበር።

እኛ በበኩላችን ይህን ጥያቄ ስናነብ ወደ አሳባችን የመጣው የአገራችን የቅኔ ቤት ነው። በጎጃምና በሌላውም አገር የቅኔ ተማሪ ቀን ቀን ወደ ዱር ወርዶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ ወደ መምህሩ ቀርቦ ያወጣውን ይናገራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ የሚደርሰው በዚህ ሁኔታ ነው። ብቸኝነት፣ ዱር፣ ትንሽ ጎጆ፣ የማታ ጉባኤ፦ አፈጻጸሙ ይለያይ እንጂ ከፒተርቦሮ የሚጐድለው የለም ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ የተገለበጠ ነው። ለቅኔ ተማሪ ምሳ የሚያመጣለት ሰው የለም፤ ደበሎውን ለብሶ፣ ዱላውንና አኩፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ውሻ እየተከላከለ ራሱ ይፈልጋል። ከቀኑ ምን ያህሉ ለቅኔው፣ ምን ያህሉ ለቁራሹ እንደሚሄድ የተማሩት ሊቃውንት ያውቁታል።

ሆኖም የገጠሩ ባላገር ለቆሎ ተማሪ ከሞሰቡ ሲቈርስለት ቅኔህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል ብሎ አልጠየቀውም። በግዕዝ የተነገረውን ቅኔ ምሥጢሩን ለይቶ የማይሰማው ብዙ ነበር። የሚሰጠው ስለ ስሟ ነው፤ ተማሪውም የማይታወቅ የሩቅ አገር ልጅ ነው። ከእነዚያ ተማሪዎች ሊቅ የሚወጣው የትኛው እንደ ሆነ፣ በመንገድ የሚቀረውም የትኛው እንደ ሆነ ባላገሩ አያውቅም ነበር። ነገር ግን ቁራሹ ለሁሉም ስለ ተሰጠ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። ይህ ሁሉ የተደረገው በሃይማኖት ትእዛዝ እንጂ በሕግ ትእዛዝ ስላልነበረ፣ ሙሉ በሙሉ ከፒተርቦሮው ነገር ጋር አንድ ነው አንልም። አንድ ልዩነት ደግሞ ከቅኔ ቤቱ ወገን የሚያስመሰግን ነው፤ ይኸውም የማታው ጥያቄ ነው። የእኛ ተማሪ በየቀኑ የሥራውን ፍሬ በመምህሩ ፊት ስለሚያቀርብ ስንፍናው ወዲያው ይታወቅበታል። በፒተርቦሮ የሚጠይቅ የለም። ይህ ለጀማሪ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህም ሰፈሩ የሚስማማው መንገዱን አስቀድሞ ለያዘ ሰው ይመስለናል።

ስለ ጉድለቶቹ ይህን ያህል ከተናገርን ሌላውንም ማለፍ አይገባም። ወደ ሰፈሩ የሚገባው በሥራው ናሙና ተመርጦ ነው፤ መራጮቹም የሙያው ሰዎች ናቸው። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን መራጭ የሚያውቀውን መልክ ይመርጣል፤ ያላየውን መልክ ሲያይ ይፈራል። ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህም ሕፃን ያላት ደራሲት በዝርዝሩ ውስጥ ሳትጻፍ ቀርታለች። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ስድስት ሳምንት ፈቃድ የሚያገኝ ሰውም በየትም አገር ብዙ አይደለም። ለመጓጓዣና ለቤት ኪራይ ለሚቸገሩ እርዳታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥራውን ቢተው የሚባረር ሠራተኛ በዚህ እርዳታ አይድንም። እንግዲህ ያልተቆረሰው ቀን የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ጥቂት ነጻነት ላለው ሰው ነው። ሰፈሩ እስከ 2020 ድረስ «ኮሎኒ» በሚል ስም ይጠራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ቃሉን ከስሙ አወጣው። በእንግሊዝኛ ድሮ ሰፈር ማለት ቢሆንም፣ ቅኝ ግዛት የሚለውን ትርጉም ለምናውቅ ሰዎች ቃሉ መወገዱ የሚያስከፋ አይደለም። ነገር ግን በሩን የሚያሰፋው የስሙ መለወጥ ሳይሆን የገቢው ዝርዝር ነው።

ከዚህ የከበደ ሌላ አደጋ መኖሩን ያሳየው ያዶ የተባለው ሁለተኛው ታዋቂ ሰፈር ነው። ያዶ በኒው ዮርክ ግዛት በሳራቶጋ ስፕሪንግስ አጠገብ ይገኛል፤ ባለጸጋው ስፔንሰር ትራስክና ገጣሚዋ ሚስታቸው ካትሪና አራት ልጆቻቸው ሞተውባቸው፣ ወራሽ ያጣውን ርስታቸውን ለጥበብ ሰዎች ተዉት። በሩ የተከፈተው በ1926 ነው። ስለ ቻይና ብዙ የጻፈችው ጋዜጠኛ አግነስ ስሜድሊ ከ1943 ጀምሮ ለብዙ ጊዜ በዚያ ተቀምጣ ነበር። በ1949 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ይህችን ሴት የሶቪየት ሰላይ ናት የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ወዲያውም ጽሑፉን መልሶ አነሣው። ነገር ግን ፍርሃቱ አልተነሣም። በሰፈሩ የነበረው ገጣሚ ሮበርት ሎዌልና ጥቂት ጓደኞቹ፣ ስሜድሊን ያስቀመጠች እርሷ ናት በማለት ኃላፊዋ ወይዘሮ ኤልዛቤት ኤምስ ከሥራ እንዲወገዱ ለዲሬክተሮቹ ጉባኤ ክስ አቀረቡ። ጉባኤው ነገሩን ሰምቶ አልተቀበለውም፤ ኤምስም እስከ 1969 ድረስ በሥራቸው ቈዩ።

ይህን የጠቀስነው የቆየ ጠብ ለማንሣት አይደለም። ክሱን ያቀረቡት ከውጭ የመጡ ፖሊሶች ሳይሆኑ ራሳቸው የቅርጫቱን ምሳ የሚበሉ ደራሲዎች ነበሩ። ምን ጻፍህ ብሎ ያለመጠየቅ ልማድ ማንን ታምናለህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ በሚለው ጥያቄ በአንድ ሳምንት ሊፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዛፉም ጎጆውም ባሉበት ሆነው ሰፈሩ ይጠፋል። ያዶን ያዳነው ጉባኤው እምቢ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰፈር የሚያቋቁም ሰው ሁሉ ከጎጆዎቹ ፕላን አስቀድሞ የጉባኤውን ደንብ መጻፍ ያለበት ስለዚህ ነው። በደንቡም ውስጥ የወጥ ቤቱና የአመላላሹ ደመወዝ ከሌላው ወጪ ሁሉ በፊት ይግባ። ያማረ ሕንጻ አሠርቶ፣ ሪባን ቈርጦ፣ ከዚያ በኋላ ምሳ የሚያመጣ ሰው መቅጠር የሚረሳ ድርጅት በብዙ አገር ታይቶአል።

ሰፈሩ ለሰጠው ነገር ሊመለስለት የሚችለው ምን እንደ ሆነ ኤሚ ቢች የተባሉት የዜማ ደራሲ አሳይተዋል። በ1921 በፒተርቦሮ ሳሉ በጎጆአቸው አጠገብ የምትዘምር አንዲት ወፍ ነበረች፤ ድምፅዋን እየሰሙ በወረቀት ላይ ቀዱትና ሁለት የፒያኖ ዜማዎች አወጡበት፤ አንዱ የማታ፣ ሁለተኛው የጠዋት ነው። በ1944 ሲሞቱ ከሥራዎቻቸው የሚገኘውን ገቢ ለሰፈሩ ተናዘዙ። በፍርድ ቤቱ ፊት የሠራተኛ ግዴታ የለባቸውም የተባሉት ሰዎች አንዷ እንግዲህ እንዲህ አድርገዋል። ግዴታ ቢሆን ኖሮ ኑዛዜው ግብር ይሆን ነበር።

በየጎጆው ግድግዳ ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። በዚያ ጎጆ የሠራ ሰው ሁሉ ሲሄድ ስሙንና ዘመኑን ይጽፍባቸዋል፤ ነዋሪዎቹም በቀልድ «የመቃብር ድንጋይ» ይሉአቸዋል። ከሰሌዳዎቹ ላይ ዓለም የሚያውቀው ስም አልፎ አልፎ ይገኛል። የቀሩት፣ ማለት አብዛኞቹ፣ መጽሐፋቸው ከአንድ ጊዜ በላይ ያልታተመ፣ ሥዕላቸው በዘመድ ቤት የተሰቀለ፣ ወይም ጭራሹን ያልታወቁ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን በጻፉበት ቀን ግን የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሚሆን ማንም አያውቅም ነበር፤ ምሳቸውም በዚያው በአንድ ዓይነት ቅርጫት፣ በዚያው ሰዓት፣ በየደጃፋቸው ተቀምጦላቸዋል።